ባለ አንድ ዓይኑ ሰው የገዛው ሥዕል

ሥዕሌን የሚያይ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝ በስንት እንደገዛሁት ነው። ስነግረው «በዚህማ አዲስ ሶፋ ይመጣ ነበር» ይለኛል። ሶፋዬ ጨርቁ ተበልቶ ስፖንጁ ወጥቷል፤ ሰውየው ሐሰት አልተናገረም። ግን እንዲህ ያለኝ ሰው ሁለተኛ ቤቴ ሲመጣ ሻይ የማፈላለት እያጉረመረምኩ ነው። ምላሷ መራራ ነው ይሉኛል፣ ይበሉ። ሥዕል በገንዘብ መግዛት የፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ ፎቶው ካለ ምን ጎደለ የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። ከዚያ እንጣላለን።

ነገሩ የሆነው ደርግ ገና ወንበሩ ላይ በነበረበት ጊዜ ነው። እኔ ዙሪክ ውስጥ ዜባህ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የምሠራው ዋሊሰለን ካለው ገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ፎጣና አንሶላ የሚሸጥበት መደብር ነበር። ከአዲስ አበባ የወጣሁት አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን የአንድ ፈረንጅ ቤተሰብ ልጆች ሞግዚት ሆኜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሰይፉ እዚያው ቀረ። በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ጠዋት ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ አልተመለሰም። ማን እንደጠራው፣ የት እንደወሰዱት፣ የት እንደጣሉት የነገረን ሰው የለም።

በአሰሳው ሰሞን እናቴ «ይሄ ማነው፣ ያ ማነው እያሉ ሌላውንም ልጅ ያስፈጁብኛል» ብላ የቤቱን ፎቶ በሙሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። አንድም አልተረፈም። ስለዚህ የሰይፉ ፊት የቀረው እኔና እናቴ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር፤ እዚያም እየደበዘዘ ሄደ። ዓይኑን ሳስታውስ አገጩ ይጠፋብኛል፣ አገጩን ስይዘው ደግሞ ግንባሩ የሌላ ሰው ይሆንብኛል። በዚህ የተነሣ በራሴ እናደድ ነበር። የሰው ፊት እንዴት ይረሳል ትሉ ይሆናል፤ ይረሳል፣ አያድርስባችሁ።

ደምሰው የሰፈራችን ልጅ ነው። አባቱ ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉ አለቃ ነበሩ፤ ደምሰው እሳቸው ሥር ቀለም እየበጠበጠ አደገ። በሱዳን ዞሮ ስዊዘርላንድ ገባና ብዙ ከተጉላላ በኋላ መኖሪያ ፈቃዱን፣ እኛ እዚህ አውስቫይስ የምንለውን አገኘ። አፎልተርን ካሉት ትልልቅ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ቤት ደረሰው። እሑድ እሑድ ወጥ በሳህን ቋጥሬለት እሄዳለሁ። አንድ እሑድ በሩን ሲከፍትልኝ ከኋላው፣ ግድግዳ ከተደገፈ ሸራ ላይ፣ ወንድሜ ቆሟል።

ሥዕሉ የሰፈራችን ቦኖ ነው። ጊዜው ጠዋት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ልጆቹ ባልዲያቸውን መሬት ላይ ደርድረው ውኃ ይጠብቃሉ። ከበላይ የቤተ ክርስቲያኑ በር ይታያል፤ በበሩ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች። ሰይፉ ከወረፋው መሀል ነው። የዘይት ቆርቆሮ አንጠልጥሎ፣ ቀና ብሎ፣ ወደ ሥዕሉ ግራ ጥግ ትክ ብሎ ያያል። አገጩ ራሱ ነው። ቅንድቡ ላይ በልጅነቱ ከአጥር ወድቆ ያተረፋት ጠባሳ ሳትቀር አለች። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ደምሰው ብሩሹን ማጠብ ቀጠለ።

«ያቺን ጥግ ለምን ባዶ ተውካት?» አልኩት ዓይኔን ጠርጌ።

«ገና ነኝ» አለ።

«ይሄን ሥዕል ለማንም እንዳትሰጥ፣ ደምሰው።»

«ለማን እሰጣለሁ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የሁለታችን ጅልነት። እኔ «ሊሰጠኝ ነው፤ የገዛ ወንድሜ አይደለም ወይ? ወጥ የማመላልስለት እኔ አይደለሁ?» ብዬ ጠበቅሁ። እሱ «ልትገዛኝ ነው፤ ቀለም በዱቤ እንደምወስድ ታውቃለች» ብሎ ጠበቀ። ዋጋ ብጠይቀው እንደባዳ ቆጠረችኝ የሚል መሰለኝ፤ እሱ ደግሞ ዋጋ ቢጠራ ገንዘብ ወዳድ የምለው መሰለው። ፈረንጆች ቢሆኑ በአንድ ንግግር የሚጨርሱትን እኛ በይሉኝታ ስናሽሞነሙነው ከረምን። በኋላ ጄኔቭ ያለች፣ ስደተኞችን የምትረዳ አንዲት ማዳም ሥዕሎቹን አይታ ወደደቻቸውና ኤግዚቢሽን ላዘጋጅልህ አለችው። ሁሉም ተጭነው ሄዱ። እኔም «ሲመለስ ይሰጠኛል» ብዬ ሸኘሁት።

የመክፈቻው ቀን ቅዳሜ ነበር። እስከ ምሳ ድረስ ሠርቼ በባቡር ጄኔቭ ስደርስ፣ ቢዝ የሚሉት ከሐይቁ የሚነሣ ነፋስ የሰው ፊት ይልጣል። አዳራሹ ውስጥ ፈረንጆች ወይን ይዘው ያወራሉ። ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁ። የቄጤማ ነጋዴዋ አለች፣ የአህያዋ ሥዕል አለ፣ ሌሎቹም አሉ። ቦኖው መሰቀል የነበረበት ቦታ ላይ ባዶ ሚስማር ነበር። ከሥሩ ያለችው የስም ካርድ ላይ ቀይ ክብ ነገር ተለጥፏል፤ ተሸጧል ማለት ነው።

ደምሰውን ክንዱን ይዤ ወደ ውጭ ጎተትኩት።

«ለማን ሸጥከው?»

«እኔ አልሸጥኩም። ማዳሟ ናት። ብርጭቆ ሳመላልስ ነው የሆነው። ሌላው ሰው ገዝቶ ኤግዚቢሽኑ እስኪያልቅ ይተዋል፤ እሱ ግን አሁኑኑ ካልወሰድኩ ብሎ ከሚስማሩ አስወርዶ በታክሲ ይዞት ሄደ።»

«ማነው እሱ?»

«ተካልኝ።»

ትንሽ ተነፈስኩ። ጋሼ ተካልኝን የማያውቅ ሐበሻ ስዊዘርላንድ ውስጥ አልነበረም። ፈረንሳይኛውም ጀርመንኛውም የተዋጣለት ነው፤ እዚህም እዚያም እየተጠራ ስደተኞች ጥገኝነት ሲጠይቁ ያስተረጉማል። በበዓል ቀን ከፊት የሚቀመጥ፣ ጸሎት የሚያስጀምር፣ ሁሉም እጅ የሚነሳው ሰው ነው። እኔም ስንት ፋሲካ ጉንጩን ስሜዋለሁ።

«ታዲያ ምን አስደነገጠህ? ሄጄ እለምነዋለሁ። የወንድሜ ፊት ነው ብለው እምቢ አይለኝም» አልኩት።

«አይሰጥሽም። ባዶዋን ጥግ ሞላኋት፣ አስካለ። እዚያ ያቆምኩት እሱን ነው። በአንድ ዓይን ሣልኩት።»

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግድግዳ እያየ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ለማያውቀው ልንገረው። የእኛ ሠዓሊዎች ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሥሉታል። ሰይጣንን፣ ይሁዳን፣ ጌታን የገረፉትን ደግሞ በጎን ያዞሯቸዋል፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ለማዳሟ ጥግ ላይ ያለው ካፖርት የለበሰ ሰው ዞር ያለ ሰው ነው፣ በቃ። ለእኛ ግን ፍርድ ነው። ተካልኝ ገና ከበሩ ሲያየው ራሱን አወቀ።

«ምን አድርጎህ?» አልኩት።

ደምሰው ወደ ሐይቁ እያየ ተናገረ። «ሰፈሬ ሌላ ነው የሚላችሁ ውሸቱን ነው። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነበር። ሰይፉን ከቦኖው ወረፋ ጠርቶ ያስወጣው እሱ ነው። እኔ ከሰይፉ ኋላ ነበርኩ፣ ባልዲዬን ይዤ።»

በቦርሳዬ መታሁት። ሰው ያየኛል ብዬም አላሰብኩም። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ታውቃለህ? ጉንጩን ስስም እያየህ? ወጤን እየበላህ?»

አልሸሸም። «ጥገኝነት ስጠይቅ ያስተረጎመልኝ እሱ ነው» አለኝ። «ልጅ ስለነበርኩ አላወቀኝም፤ እኔ ግን ገና ሲገባ አወቅሁት። የምናገረው ሁሉ በእሱ አፍ ነበር የሚያልፈው። አንድ ቃል ቢያጣምምብኝ ወደ ሱዳን እመለሳለሁ። ከዚያም አውስቫይሴ እስኪመጣ ፈራሁ። ሲመጣ ደግሞ በአፌ መናገር አቃተኝና ሣልኩት። ለአንቺ ነበር የሣልኩት፤ ትገዢኛለሽ ብዬ።»

«እኔኮ ትሰጠኛለህ ብዬ ነው የጠበቅሁት» አልኩ። ሁለታችንም ነፋሱ ውስጥ ቆመን ቀረን። ያኔ የተሰማኝ ንዴት እስካሁን ጥርሴን ያፋጨኛል። ገዳዩ አየ፣ ከፈለ፣ ይዞ ሄደ። እኛ የምንወደው ግን ስንተፋፈር ከረምን።

«ደግሞ እዚህ አዳራሹ ስልክ ደውሎልኛል» አለ ደምሰው። «ነገ ከጸሎት በኋላ ቀለምህን ይዘህ ቤቴ ና ብሎኛል።»

«ምን ሊያስደርግህ?»

«ዓይን ሊያስጨምር ይሆናላ።»

«እኔም እመጣለሁ» አልኩ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ከደምሰው ጋር እዚያው ጄኔቭ ያለውን የተካልኝን በር አንኳኳን። የከፈቱልን ባለቤቱ ወይዘሮ ብርቄ ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ዓይናቸው አብጧል። «እንኳን መጣሽ አስካለ፤ እባካችሁ አንድ በሉልኝ» አሉ ገና ሳንገባ። «እመቤታችንን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሯት አድሯል። እኔ እንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

እውነትም ሥዕሉ ኮሪደሩ ላይ ተገልብጦ ቆሟል። የሸራው ጀርባና እንጨቱ ብቻ ይታያል። ወንድሜ በዚያ በኩል ከግድግዳው ጋር ተፋጥጧል። ሄጄ ላዞረው ስል ተካልኝ ከሳሎን ወጣ።

«አስካለ፣ አንቺን ማን ጠራሽ?»

«ወንድሜ።»

«የቱ ወንድምሽ?»

«ቦኖው ላይ ቆርቆሮ ይዞ የቆመው። ሰይፉ የእኔ ወንድም ነው። አታውቅም ነበር?»

አላወቀም ነበር። ፊቱ ላይ አየሁት። እርስዎ እያልኩት የኖርኩትን ሰው አንተ ስለው እሱም አልከፋውም፤ አላስተዋለውም። እጁን ወደ ካፖርት መስቀያው ዘርግቶ ተደገፈ። ወይዘሮ ብርቄ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያሉ። «የቱ ሰይፉ? የምን ቦኖ?» ይላሉ።

ተካልኝ ቶሎ ራሱን አገኘ። ሲያስተረጉም የሚያወጣውን ያንን ለስላሳ ድምፅ አወጣ። «እኅቴ፣ ያ ጊዜ ሁላችንንም በልቶናል። እኔም ከእነሱ አምልጬ ነው እዚህ የመጣሁት። ሥዕሉ ግን የእኔ ነው። ይህ አገር ሕግ አለው። ገዝቻለሁ፤ ብፈልግ እሰቅለዋለሁ፣ ብፈልግ ምድር ቤት እዘጋበታለሁ። ማንም አይጠይቀኝም።»

«ታዲያ ለምን አላቃጠልከውም?» አለው ደምሰው።

«እመቤታችን ያለችበትን? በዚህ እድሜው?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

ችግሩ ይኸው ነበር። ሥዕሉን ቢሰቅለው አንድ ዓይና ሆኖ ገና ከደጅ ይታያል። ቢያቃጥለው ከእመቤታችን ጋር ነው የሚያቃጥለው። ቢያዞረው ሚስቱ ቤቱን ትተውለት ሊሄዱ ነው። ፈረንጅ ቢሆን ከቆሻሻ ጋር አውጥቶት እንቅልፉን ይተኛ ነበር። ተካልኝ ግን ምንም ቢሆን የእኛው ሰው ነው። በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት ከይሁዳ ጋር መቆሙን ፈራ።

«በሥዕል ከሰይጣን ጋር ደመርከኝ» አለው ደምሰውን። «ስሜን ነው ያጠፋኸው። አሁን ቀለምህን አውጣና ሁለት ዓይን ሥራልኝ። ላንቺም» አለኝ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ላንቺም ወንድምሽን በመቀስ ቆርጬ ልስጥሽ። በክፈፍ አድርገሽ ትሰቅይዋለሽ።»

ለአንድ አፍታ ልቤ ወዶ ነበር። አልዋሽም፣ ያንን ፊት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከዚያ ቤት መሮጥ አማረኝ። ከዚያ ግን የተናገረው ነገር ገባኝ።

«አንዴ ከወረፋው ቆርጠህ አውጥተኸዋል» አልኩት። «አይበቃህም?»

ደምሰው የቀለም ሳጥኑን መሬት አስቀመጠና ሥዕሉን አንሥቶ ወደ እኛ አዞረው። ካፖርት የለበሰውን ሰው ያኔ ነው ያየሁት። በጎን ነው፤ አፍንጫው ረጅም፣ ዓይኑ አንድ ብቻ፣ ጣቱ ወደ ወረፋው ተቀስሯል። ፊቱ ግን ጣቱ ወደሚያሳይበት አይደለም፤ ወደ ሥዕሉ ዳር ዞሯል። ሰይፉ ትክ ብሎ የሚያየው እሱን ነበር።

«ዓይን እጨምራለሁ» አለ ደምሰው። «ግን ሥዕሉን ለአስካለ ትሸጥላታለህ፣ በገዛህበት።»

«ትውሰደው። ዓይኔ ይሙላ እንጂ እኔ ምን ያደርግልኛል?»

«ሌላም አለ። እኔ ያንተን ፊት ፊት ለፊት አይቼው አላውቅም። ያን ቀን በጎን ነው ያየሁህ። ስታስተረጉምልኝም ዞረህ የምታየው እነሱን ነበር። የማላውቀውን ፊት መሣል አልችልም። ወደ አስካለ ዙርና ያደረግኸውን ንገራት። ስትዞር ያየሁትን እሥላለሁ።»

ደሜ ፈላ። «ሁለት ዓይን? ለእሱ?» አልኩት ደምሰውን ጆሮው ሥር። «ወንድሜን ከገደለ ሰው ጋር ነው የምትደራደረው? እንደዚህ እንዳለ ይሽጥልኝና እንሂድ።»

«እንደዚህ እንዳለ አይሸጥልሽም» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ወይ ሰይፉን ከባለ ሁለት ዓይኑ ተካልኝ ጋር እወስዳለሁ፣ ወይ ባዶ እጄን ዙሪክ እገባለሁ። እምቢ ብል ያ ፊት ምድር ቤት ይቆለፍበታል። «ይሁን» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቃል የመረረኝ የለም።

ደምሰው ሥዕሉን ወንበር ላይ አቁሞ ቀለሙን ከፈተ። የተልባ ዘይቱ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ተካልኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፣ ግን መስኮቱን ነው የሚያየው።

«ወደ እሷ» አለው ደምሰው።

ዞረ። እንደዚያ ከቅርብ ዓይኑን አይቼው አላውቅም ነበር። ተራ የሽማግሌ ዓይን ነው፣ ጠርዙ ቀላ ያለ።

«ስሙ ከላይ ነው የመጣው» ብሎ ጀመረ። «እኛ የታዘዝነውን ነው...»

ደምሰው ብሩሹን አስቀመጠ። «ቀጥል፤ እኔ ግን እየሣልኩ አይደለም። ከላይ የመጣ ስም አልነበረም። ወረፋው ላይ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አይተህ ነው የጠራኸው።»

ተካልኝ እንደገና ወደ መስኮቱ ዞረ። ወይዘሮ ብርቄ «ተካልኝ» አሉ። ተነሥቶ ሂዱ ይለናል ብዬ ነበር። ከዚያ ፊቱን መለሰ፤ ድምፁም ያ ለስላሳው አልነበረም።

«አምጡ የተባልነው ሰው አንድ ጎደለን» አለኝ። «ቦኖው መንገዴ ላይ ነበር። ሁሉም ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፉ። ወንድምሽ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። ምን ያፈጥብኛል ብዬ ጠራሁት። ሌላ ምክንያት የለም።»

«ምን አለህ ስትጠራው?»

«ቆርቆሮውን ለጎረቤት ሰጥቶ መጣ። እማማ እንዳይጠብቁኝ በላቸው አለ። ለእኔ አይደለም፣ ቆርቆሮውን ለሰጠው ሰው።»

«እኔን ነው፤ ፈርቼ ለእማማ ሳልናገር ቀረሁ» አለ ደምሰው፣ ከሸራው ቀና ሳይል። ብሩሹን አንሥቶ ነበር።

«የት ጣላችሁት?»

«አስረከብኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ብትገድይኝም አላውቅም።»

ይቅርታ አላለም። እንዲልም ጠበቅሁ፤ ቢል ኖሮ ፊቱ ላይ እተፋበት ይሆናል፣ ግን ጠበቅሁ። «ብተወው ኖሮ እኔን ነበር የሚጠሩት» አለ በመጨረሻ፣ የሚከራከረው ያጣ ይመስል። ወይዘሮ ብርቄ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና መኝታ ቤት ገብተው ቆለፉ። እኛ እስክንወጣ አልተከፈተም።

ደምሰው አሮጌውን ፊት አልፋቀውም። በላዩ ላይ ነው ወፍራም ቀለም ጭኖ የሣለው። ሲጨርስ ካፖርት የለበሰው ሰው ሁለት ዓይን አለው፤ ቀጥ ብሎ ሰይፉን ያያል። ተካልኝ አጠገቡ ሄዶ አየና «ደግ ሰው አላስመሰልከኝም» አለ ቅር ብሎት።

«ያየሁትን ነው የሣልኩት» አለው ደምሰው።

ያለኝን ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ የቀረውን በወሩ መጨረሻ ላኩለት። ተይው ብሎኝ ነበር። ከእጁ በነፃ የምቀበለው ነገር የለም አልኩት። ሊፍቱ ውስጥ ደምሰው ላይ ጮኽኩበት። «ንስሐ እንኳን ሳይገባ ጻድቅ አደረግኸው!»

«ንስሐው የእሱና የነፍስ አባቱ ነው» አለኝ። «እኔ ወደ አንቺ መዞሩን ነው የሣልኩት። ከሥር ያለውን ፊት ደግሞ አላበላሸሁም።»

ቀለሙ እርጥብ ስለነበር እስከ ዙሪክ ድረስ ባቡር ውስጥ ሸራውን በሁለት እጄ ጠርዙን ይዤ፣ ማንም እንዳይነካው ክርኔን አሹዬ ተቀመጥኩ። ተቆጣጣሪው ሽታውን ጠልቶ አፍንጫውን ቢይዝም ቲኬቴን አይቶ አለፈ። በመንገዱ ሁሉ ወንድሜን አየሁት። አገጩ፣ ግንባሩ፣ ጠባሳው፣ ሁሉም አንድ ላይ ነበሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተካልኝን አልችለውም ነበር። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው የእሱን ሁለት ዓይን ነው። አንድ ቀን ከመደብሩ ባመጣሁት ፎጣ ጥጉን ሸፈንኩት። ያኔ ሰይፉ ትክ ብሎ ፎጣ የሚያይ ሆነ፤ ያ ቀና ማለቱ ከንቱ ሆነብኝ። ፎጣውን አነሣሁ። እስከዛሬ ሁለቱም እንደተፋጠጡ ናቸው፣ እኔም እንደተናደድኩ ነኝ። ለእናቴ በሰው እጅ የሥዕሉን ፎቶ ላክሁላት። ስልክ ስንደዋወል፣ መስመሩን ማን እንደሚሰማው ስለማይታወቅ፣ «የላክሽው ልጅ ደርሷል፤ ፊቱ ግን ደብዘዝ ብሏል» ብቻ ነው ያለችኝ። ያየችው ፎቶውን ብቻ ነው። ዋናውን ሳታይ ሄደች፣ ይህም አንጀቴን ይበላኛል።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎች፣ ሶፋ ሶፋ የምትሉኝ፣ ስሙኝ። የሥዕል ባለቤት መሆን ጌጥ መስቀል ብቻ አይደለም። ማን ያያል፣ ማን አያይም፣ ፊቱ ወደ ሳሎን ነው ወይስ ወደ ግድግዳ የሚለውን የሚወስነው የገዛው ሰው ነው። እናንተ «ግሩም ነው፣ እጅህን ይባርከው» ብላችሁ ብርጭቆ ይዛችሁ ስትዞሩ፣ ከሚስማሩ አውርዶ የሚሄደው ሰው ሌላ ሐሳብ ይኖረዋል። ሠዓሊ ዘመድ ካላችሁ ስጦታ አትጠብቁበት። ዋጋውን ጠይቁት፤ ከከበዳችሁ በወር በወር ክፈሉ። ይሉኝታችሁን ለሠርግና ለለቅሶ አቆዩት። ከደምሰው ጋር እንኳን ዛሬ ሥርዓት አለን፤ ከማመስገኔ በፊት ዋጋ እጠይቀዋለሁ፣ እሱም ሳያፍር ይነግረኛል። ቤቴ ውስጥ አሁን ከአንድ በላይ ሥዕል አለ። ሶፋው ግን ያው ነው።

ደርግ ወድቆ ብዙ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን በሬ ተደወለ። ስከፍት ተካልኝ ነው። ጡረታ ወጥቷል፣ ጎብጧል፤ ወይዘሮ ብርቄ ከዚያ እሑድ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ትተውት እንደሄዱ ሰምቻለሁ።

«ልየው ብቻ» አለኝ።

አሳለፍኩት። ተቀመጥ አላልኩትም፣ ውኃም አላቀረብኩለትም። ሥዕሉ ፊት ቆመ። ሰይፉን አላየም፤ ዓይኑን ከራሱ ላይ አልነቀለም። ከዚያ ጣቱን አንሥቶ ፊቱን ነካ አደረገው፣ እኔም አልከለከልኩትም። ጣቱ ጉንጩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አለፈበት።

«እዚህ ጋ ለምን አበጠ?» አለኝ።

«የፊተኛው አፍንጫህ ነው። ደምሰው ሳይፍቀው ነው በላዩ የሣለው። ከሥር እንዳለ ነው።»

«ሰው ባሳየኝ ፎቶ ላይ አይታይም ነበር።»

«በፎቶ አይታይም።»

ጣቱን አላነሣም። «ከሥር ያለውን መፋቅ አይቻልም? የዚህ ባለሙያዎች አሉ ይባላል።»

«ይቻላል» አልኩት። «ባለቤቱ ከፈቀደ።»

ዞሮ አየኝ። በሁለት ዓይኑ ነው ያየኝ፤ የሚለምን ሰው ዓይን ነበር።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አልኩት፣ በሩንም ከፈትኩለት።

ካፖርቱን ሳያወልቅ ነበር የገባው። እንደለበሰ ደረጃውን ወረደ።